ሐረጎ ላይ የሚያፈላ መኪና፦ የቴስታ ጋስኬት መቃጠልን መለየትና መጠገን

ከኮምቦልቻ ደሴ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች አጭር መንገድ መኪና ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ወደ 2,500 ሜትር ይወጣል። አምስት ሰውና የገበያ ዕቃ የጫነች ቪትዝ ወይም ኮሮላ በዚህ መንገድ ያለውን የሐረጎን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ስትወጣ የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ከተጠጋ፣ ለሹፌሩ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ውሃ ጨምርና ቀጥል»። ለጋስኬት ከዚህ የከፋ ምክር የለም።

የቴስታ ጋስኬትን የቆዩ መካኒኮች በጣሊያንኛው «ጓርኒሲዮን» ይሉታል። በሞኖብሎክ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ ባሉበት የሞተር አካል፣ እና በላዩ በሚታሰረው ራስ በቴስታ መካከል የሚገባ ስስ ዝርግ ሲሆን ሦስት ነገሮችን ለያይቶ ይይዛል፦ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚነደውን ጋዝ፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ፣ ወደ ላይ የሚወጣውንና የሚመለሰውን ዘይት። በነዚህ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት በአንዳንድ ቦታ የጣት ስፋት እንኳ አይሞላም። ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ሲሠራ የጋዙ ግፊት ወደ 50 ባር ይደርሳል፤ የውሃው ግን 1 ባር አካባቢ ነው። ስለዚህ ጋስኬቱ ሲሸነፍ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሆነው ጋዝ ወደ ውሃ መግባቱ ነው። ውሃ ወደ ሲሊንደር የሚሾልከው በአብዛኛው ሞተሩ ጠፍቶ የውሃው ግፊት ብቻውን ሲቀር ነው፤ ክፍተቱ ከሰፋ ግን ሞተሩ እየሠራ ፒስተኑ አየር ሲስብም ይገባል። ይህን ልዩነት መያዝ ከዚህ በታች ያሉትን ምልክቶች በሙሉ ለመረዳት ይበቃል።

ለምን ወሎ ላይ ቶሎ ይመጣል?

ነገሩ የሚጀምረው ከውሃው ነው። ባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከወልዲያ በዲልብ አድርገው ጋሸና ሲወጡ ደግሞ በ90 ዲግሪ ገደማ። ራዲያተር ግን ክፍት ድስት አይደለም። በክዳኑ ውስጥ ያለው ሞላ ግፊት ይይዛል፤ የጃፓን መኪኖች ክዳን ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተብሎ የሚጻፈው የዚያ ግፊት መጠን ነው። 0.9 የተጻፈበት ደኅና ክዳን ደሴ ላይ የውሃውን መፍያ ከ92 ወደ 114 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ሞላው የላላ ክዳን ይህን ሃያ ዲግሪ የሚያህል መጠባበቂያ ያሳጣዎታል። የራዲያተሩ ቬንትሌተር (ማራገቢያው) ከ90 ዲግሪ አለፍ ሲል የሚነሣ ስለሆነ፣ ግፊት የማይዝ ክዳን ያላት መኪና ደሴ ላይ ቬንትሌተሩ ሊነሣ ሲል ውሃዋ መፍላት ጀምሯል። አዲስ አበባ ቢሆንም ከዚህ እምብዛም አይሻልም፤ የኛ ዳገት ግን ይብሳል።

ውሃ ሲፈላ ከብረቱ ጋር የሚነካካው እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ሙቀት ተሸክሞ መሄድ አይችልበትም። በቫልቮቹ መካከል ያለው አልሙኒየም ለብቻው ይግላል። አልሙኒየም በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ነው፤ ቡሎኖቹ ግን ጠፍረው ይዘውታል። መሄጃ ያጣው ቴስታ ጋስኬቱን ይጨፈልቀዋል፣ ራሱም ይጣመማል። ሲቀዘቅዝ ቴስታው ይሰበሰባል፤ የተጨፈለቀው ጋስኬት ግን ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም። በተፈጠረችው ክፍተት ጋዝ መውጣት ይጀምራል፣ ጠርዙን እየላሰ ያሰፋዋል። ለዚህም ነው መኪና ካፈላ በኋላ ሁለትና ሦስት ሳምንት ደኅና ሄዶ ድንገት የሚወድቀው።

ስለዚህ ጋስኬት ቀይሮ ያፈላበትን ምክንያት ሳይፈልጉ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ተጠርጣሪዎቹ ክዳኑ፣ ተርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር መንገድ የሚከፍተው በር)፣ ቬንትሌተሩ፣ የውሃ ፓምፑ፣ የሚያንጠባጥብ ቱቦና በደለል የተደፈነ ራዲያተር ናቸው። መንገድ ዳር ከቦርከና በጀሪካን የተቀዳ ውሃ እየጨመሩ የከረሙ ከሆነ መጨረሻውን አስቀድመው ይጠርጥሩ።

ስለ ተርሞስታት አንድ ነገር ይጨመር። «ለሞቃት አገር ነው የማያስፈልገው፣ አውልቀህ ጣለው» የሚለው ምክር አገሩን ሞልቶታል። በብዙዎቹ የቶዮታ ሞተሮች ተርሞስታቱ ሁለት በር አለው፤ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ሲከፍት ውሃውን በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን ይዘጋል። ሲወልቅ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆንና የውሃው ከፊል ራዲያተር ሳይነካ ይዞራል። መኪናዋ ቁልቁለት ላይ ከሚገባው በላይ ትቀዘቅዛለች፣ ዳገት ላይ ደግሞ ታፈላለች። የሚከፈትበት ሙቀት በላዩ ተጽፏል። በድስት ውሃ ውስጥ አንጠልጥለው ቀስ እያሉ ቢያሞቁት ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው ውስጥ መከፈት ሲጀምር በዓይን ይታያል። ደሴ ላይ ውሃው ሳይፈላ ሙከራው ያልቃል፣ ግን ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ላያዩት ይችላሉ።

ምልክቶቹና አሳሳቾቹ

ነጭ ጭስ ሁሉ የጋስኬት አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ደሴ ላይ ከእያንዳንዱ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ነጭ እንፋሎት ይወጣል፤ ማርሚታው ሲሞቅ በጥቂት ደቂቃ ይጠፋል። የጋስኬቱ ጭስ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ አያቆምም፣ ወፈር ያለ ነው፣ ኩላንት (ከራዲያተር ውሃ ጋር የሚቀላቀለው ፈሳሽ) ካለበት ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል፣ የራዲያተሩም ውሃ ይጎድላል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጭስ ዘይት ነው፤ ከፒስተን ቀለበት ወይም ከቫልቭ ጎማ ይመጣል።

በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚታየው ቡና በወተት የመሰለ አረፋም እንዲሁ ያታልላል። ከቤት ፒያሳ፣ ከፒያሳ ቤት ብቻ የምትነዳ መኪና ዘይቷ በደንብ ስለማይሞቅ ጤዛው እዚያው ይቀራል። ክዳኑን ጠርገው አንድ ጊዜ ረጅም መንገድ ይንዷት። ወተት የሚመስለው ነገር በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይም ከታየ ወይም ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ካለ ግን ውሃ ገብቶበታል። ያን ጊዜ ሞተሩን ማስነሣት አይገባም። ውሃ የገባበት ዘይት ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ኮሎው፣ የሚያርፍባቸውን ብሮንዚኖች በአጭር ጊዜ ይበላል፣ የሁለት ቀን ሥራም ሙሉ የሞተር እድሳት ይሆናል።

ከሁሉ የሚታመነው ምልክት የቱቦው ነው። ሌሊቱን ያደረ ቀዝቃዛ ሞተር አስነሥተው የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ይጨብጡ። በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ገና ሳይሞቅ፣ ከደነደነ በውስጡ ያለው ግፊት የሙቀት አይደለም፤ ከሲሊንደር የመጣ ጋዝ ነው። ከዚህ ጋር የሚሄዱ ሌሎች ምልክቶች አሉ፦ ትርፍ ውሃ የሚጠራቀምበት ፕላስቲክ እየሞላ ይገነፍላል፣ ራዲያተሩ ግን ጎድሎ ይገኛል፤ የውስጥ ማሞቂያው አንዴ ሙቅ አንዴ ቀዝቃዛ አየር ይነፋል፤ ጠዋት ስትነሣ በአንድ ሲሊንደር ታንቃ ለጥቂት ሴኮንድ ተንገራግጫ ትስተካከላለች፣ ምክንያቱም ሌሊት የተንጠባጠበ ውሃ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ አርሶታል።

በሁለት ጎረቤት ሲሊንደሮች መካከል የተቃጠለ ጋስኬት ደግሞ ውሃም አይጎድልበት፣ ጭስም የለው፤ መኪናዋ ጉልበት ታጣለች፣ ትንቀጠቀጣለች። ይህን የሚያሳየው የኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ በሲሊንደር ውስጥ የሚያምቀው አየር ግፊት፣ ልኬት ብቻ ነው።

ጥርጣሬን መፈተሽ

ሞተሩ ቀዝቅዞ ክዳኑን ይክፈቱ፣ ውሃውን እስከ አፉ ይሙሉ፣ አስነሥተው ይመልከቱ። በቅርቡ ውሃ የተቀየረባት መኪና መጀመሪያ ላይ አረፋ ታወጣለች፤ ተይዞ የነበረ አየር ነው፣ ያልቃል። የጋስኬት አረፋ አያልቅም፣ ነዳጅ ሲረገጥ ይጨምራል። አረፋው ሲታይ የአንዱን ሲሊንደር የኢንጀክተር ሶኬት ይንቀሉ፤ አረፋው ከቀነሰ ጥፋተኛው ያ ሲሊንደር ነው። በመኪና ዕቃ መደብር የሚገኘው የጋዝ መመርመሪያ ፈሳሽም በዚሁ አፍ ላይ ይደረጋል፤ ሰማያዊው ፈሳሽ ወደ ቢጫ ከተለወጠ የቤንዚን ሞተር የቃጠሎ ጋዝ ውሃው ውስጥ አለ ማለት ነው።

ኮምፕሬሽን ሲለካ ሞተሩ ይሞቅ፣ አራቱም ካንዴላዎች ይውጡ፣ ነዳጁና እሳቱ ይቋረጥ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይረገጥ። እዚህ ላይ ወሎ ውስጥ የሚሠራ መካኒክ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የፋብሪካው መጽሐፍ ለአንድ የቪትዝ ወይም የኮሮላ ሞተር 15 ኪሎ (በካሬ ሴንቲ ሜትር) ጤናማ፣ 11 ኪሎ ዝቅተኛው ቢል፣ ያ ቁጥር የባሕር ጠለል ነው። የደሴ አየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ጤናማ ሞተር እዚህ 11 ኪሎ ገደማ ያነባል። መጽሐፉን ብቻ ያየ ሰው ደኅናውን ሞተር ሊፈታ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ከመጽሐፍ ጋር ሳይሆን ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ያወዳድሩ፤ ከ1 ኪሎ በላይ ልዩነት ካለ ይመርመሩት። 11፣ 11፣ 6፣ 6 የሚል ንባብ ከመጣ ጎረቤታሞቹ ተያይዘዋል።

መለኪያ ከሌለ የጎሚስታው ኮምፕረሰር ይበቃል። የተጠረጠረውን ፒስተን ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ጊዜ ጫፍ ላይ ያድርሱ፣ መኪናዋን በአምስተኛ ማርሽና በእጅ ፍሬን ያስይዙ፣ ሆዱ በተበሳ አሮጌ ካንዴላ አማካይነት ከ5 እስከ 6 ባር አየር ይልቀቁበት። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከተነሣ ጋስኬቱ ወይም ቴስታው ነው። ዘይት መሙያው ላይ ነፋስ ከተሰማ ቀለበት፣ ማርሚታው ላይ ከሆነ ቫልቭ። አየሩ ሞተሩን ሊያዞረው ስለሚችል እጅ ከቺንጋና ከቬንትሌተር ይራቅ።

ማውለቅ

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ የቴስታ ቡሎን አይነካም። ትኩስ ቴስታ ሲላላ ይጣመማል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ከማላቀቅ በፊት የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ አውጥተው ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ያስነሡት፤ በመስመሩ ያለው ግፊት ይወርዳል። ውሃውን በሰፊ ሳህን ይቀበሉ፤ ከ4 እስከ 6 ሊትር ይሆናል። ኩላንት ይጣፍጣል፣ ይመርዛልም፤ ውሻና ፍየል እንዳይጠጣው ሜዳ ላይ አይደፋም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል እንደ ሞተሩ ይለያያል፣ ደንቡ ግን አንድ ነው፦ ከመንቀል በፊት ፎቶ ማንሣት፣ ቱቦና ሶኬቱን ሁሉ በወረቀት ፕላስተር ቁጥር መስጠት፣ አንደኛውን ፒስተን ጫፍ ላይ አድርሶ የካምሻፍቶቹን (ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች) ምልክት ማየት። አሮጌዎቹ ኮሮላዎች ቺንጋ አላቸው፣ ቪትዝና ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሉት ኮሮላዎች ሰንሰለት። ሰንሰለት ያለው የፊት ሽፋኑ መውለቅ ስላለበት ሥራው ይረዝማል።

የቴስታው ቡሎኖች ብዙ ጊዜ አሥር ናቸው። ከዳር ወደ መሃል፣ በሁለትና ሦስት ዙር ጥቂት በጥቂት ይላላሉ። በአንዳንድ ሞተሮች ርዝመታቸው ይለያያል፤ በአሮጌው ባለ 1.6 ሊትር ኮሮላ ሞተር የአንዱ ወገን 90 ሚሊ ሜትር፣ የሌላው 108 ሚሊ ሜትር ነው። ካርቶን ላይ አሥር ቀዳዳ ሠርተው በየቦታቸው ይሰኩ። ቴስታው አልነሣ ቢል በካቻቢቴ በመካከሉ ፈልቅቆ ማንሣት ፊቱን ያበላሻል፤ ለዚህ የተሠራ ጆሮ በጎኑ አለ። ከወጣ በኋላ በእንጨት ላይ ያኑሩት።

አሮጌውን ጋስኬት ወዲያው አይጣሉት። ጥቁር ፈለግ ከሲሊንደሩ ቀዳዳ ጠርዝ ወደ ውሃ ቀዳዳ ከሄደ፣ ጋስኬቱ የተቃጠለበት ቦታ ያ ነው። ከአራቱ ፒስተኖች አንዱ እንደታጠበ ሳህን ካበራ ውሃው የገባው በእሱ ነው። ጋስኬቱ ላይ ምንም ፈለግ ከሌለ ቴስታው ሳይሰነጠቅ አይቀርም።

ፊቶቹ የሚጸዱት በፕላስቲክ መፋቂያና በማጽጃ ፈሳሽ ነው። በግራይንደር የሚዞር የአሸዋ ዲስክ ፈጣን ነው፣ ሞተር ግን ይገድላል፦ አልሙኒየሙን ይሰረጉዳል፣ ብናኙ ዘይት ውስጥ ገብቶ ብሮንዚን ይፈጫል። የቡሎን ጉድጓዶቹም በአየር ተነፍተው ይድረቁ። ጉድጓድ ውስጥ የቀረ ውሃ ወይም ዘይት ቡሎኑ ሲጠብቅ መውጫ ስለሌለው ሞኖብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ባይሰነጥቀው እንኳ ሳይጠብቅ የጠበቀ ያስመስለዋል።

ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቴስታው ፊት ላይ በስድስት አቅጣጫ ይጋደማል፦ ሁለት ጊዜ በርዝመት፣ ሁለት ጊዜ በወርድ፣ ሁለት ጊዜ በሰያፍ። ፊለር ጌጅ ከሚባሉት ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች 0.05 ሚሊ ሜትሩ በሥሩ ካለፈ በብዙዎቹ የቶዮታ ሞተሮች ከገደቡ አልፏል። ይህ ከጸጉር ይቀጥናል፤ በዓይን «ደኅና ነው» ማለት ዋጋ የለውም። ሞኖብሎኩም በዚያው መንገድ ይለካል፤ ብዙዎች ይህን ይዘሉታል።

ማሽን ቤት ሲላክ መጀመሪያ ስንጥቅ ይፈተሽ፣ ቀጥሎ ይላግ። የተሰነጠቀ ቴስታ ማስላግ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ሲላግም ለመስተካከል የሚበቃው ብቻ ይነሣ። ብዙ ከተነሣ ኮምፕሬሽኑ ይጨምራል፤ ደሴ ላይ ባይሰማም ወደ ባቲና ሚሌ ሲወርዱ ማንኳኳት ይጀምራል። ከተላገ በኋላ ካምሻፍቱ ያለ ቫልቭ ቦታው ገብቶ በእጅ እንደልብ መዞር አለበት። ካልዞረ ቴስታው ከላይም ጎብጧል፣ የታችኛውን ፊት ማስላግ አላዳነውም።

መግጠም

መካኒኩ «አብሽር፣ ሲሊኮን እንቀባዋለን» ካለ ያስቁሙት። የዛሬ ጋስኬቶች በአብዛኛው ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች ናቸው፤ ደረቅ ፊት ይፈልጋሉ። ሲሊኮን፣ ግራሶ፣ ቀለም አይቀባባቸውም፤ መጽሐፉ በሰንሰለቱ ሽፋን መገጣጠሚያ ጥግ ላይ ጠብታ ካዘዘ ያን ያህል ብቻ። አዲሱን በአሮጌው ላይ ደርበው ቀዳዳ በቀዳዳ ያመሳክሩ፣ ወደ ላይ የሚውለውን ፊትም ይለዩ። ተገልብጦ የገባ ጋስኬት የዘይት መንገድ ሊዘጋ ይችላል፣ ካምሻፍቱም ያለ ዘይት ይዞራል።

ቡሎኖቹ በአዲስ ቢተኩ ይሻላል፤ አንዴ የተለጠጠ ቡሎን ሁለተኛ ጊዜ እንደ መጀመሪያው አይዝም። ጥርሳቸውና የራሳቸው ሥር በጥቂቱ የሞተር ዘይት ይነካካ። የሚጠብቁት ከመሃል ወደ ዳር ነው። በቪትዝና በኮሮላ NZ በሚባለው ባለ 1.3 እና 1.5 ሊትር የሰንሰለት ሞተር መጀመሪያ ሁሉም በ29 ኒውተን ሜትር፣ ማለትም በ3 ኪሎግራም ሜትር ገደማ፣ በቶርክ ሬንች ይጠብቃሉ። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ራስ ላይ ነጥብ ቀለም ተደርጎ 90 ዲግሪ፣ እንደገና 90 ዲግሪ ይዞራሉ። ሌላ ሞተር ሌላ ቁጥር አለው፤ ያንኑ ሞተር የሚመለከተውን መጽሐፍ ይያዙ። «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚል መካኒክ አሥሩን ቡሎን አሥር ዓይነት አድርጎ ይተዋቸዋል።

ሰንሰለቱ ወይም ቺንጋው ከገባ በኋላ ሞተሩን ከማስነሣት በፊት ኮሎውን በቁልፍ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ ያዙሩት። የሚገታ ነገር ካለ ቫልቭ ከፒስተን ጋር ተገናኝቷል፤ በስታርተር ቢሆን ኖሮ ቫልቩ ይታጠፍ ነበር።

ዘይትና ፊልትሮ ይቀየራሉ። ውሃ ገብቶበት ከነበረ ርካሽ ዘይት ሞልተው ለጥቂት ደቂቃ በቀስታ ያሠሩት፣ ያፍስሱት፣ ደኅናውን ይሙሉ፤ እሱንም ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ይቀይሩት። ለራዲያተሩ ግማሽ ኩላንት ግማሽ ንጹሕ ውሃ፤ 5 ሊትር ለሚይዝ ሁለት ሊትር ተኩል ኩላንት መሆኑ ነው። መፍያውን ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትም ይከላከላል። አፍንጫዋ ወደ ላይ እንድትሆን መኪናዋን ዳገታማ ቦታ ያቁሟት (ደሴ ላይ ሜዳ መፈለግ ነው የሚከብደው)። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አድርገው፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ቱቦውን ጨመቅ ለቀቅ እያደረጉ ይሙሉ። አረፋው ሲያቆም ክዳኑን ይዝጉ፤ ቬንትሌተሩ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ እስኪጠፋ ይጠብቁ። አድሮ ሲቀዘቅዝ የጎደለውን ይሙሉ።

ዳገት ላይ ቀስቱ ከወጣ

ኤሲ ይጥፋ፣ መስኮት ተከፍቶ የውስጥ ማሞቂያው በሙሉ ኃይል ይለቀቅ፤ ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ነው። ቀስቱ ካልተመለሰ ዳር ይዘው ይቁሙ። ውሃው እንዳለ ካወቁና ቬንትሌተሩ ከዞረ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ በዝግታ ማሠራት ይቻላል፤ እንፋሎት ከታየ ወይም ውሃው ካለቀ ያጥፉት። ቀይ ላይ የነበረው ቀስት ድንገት ወደ ቀዝቃዛ ከወረደ አይደሰቱ፤ መለኪያው የሚለካው ውሃ አጥቶ ሊሆን ይችላል።

ክዳኑ ወዲያው አይከፈትም። ከመቶ ዲግሪ በላይ የሆነ ውሃ ግፊቱ ሲለቀቅ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊት ላይ ይወጣል። ቱቦው በእጅ ሲጨበጥ ለስለስ እስኪል ይጠብቁ፤ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ ይወስዳል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ወይም ባዶ ወደ ሆነ ራዲያተር ማፍሰስ ያልተጣመመውን ቴስታ ያጣምመዋል። የራዲያተር ቀዳዳ የሚደፍኑት ኬሚካሎች የተቃጠለ ጋስኬት ላይ ለጥቂት ቀን ቢሠሩም የራዲያተሩንና የማሞቂያውን ቀጫጭን ቱቦዎች ይዘጋሉ፤ ሊሸጧቸው ባሰቧቸው መኪኖች ላይ የሚያደርጉ አሉ። ገዢ ከሆኑ ቴስታውን ከማየትዎ በፊት ክዳኑን ከፍተው ጣትዎን ወደ ውስጥ ይስደዱ፤ አሸዋ የመሰለ ብልጭልጭ ከነካዎት ለምን እንደተጨመረ ይጠይቁ።